ጥንቸሉን ለዓለም ሰጥቶ ባዶ እጁን የወጣው ሰው

አዳኙ ጠመንጃውን ደግኖ በጉድጓዱ አፍ ላይ አድፍጧል። ጥንቸሉ ግን አልደነገጠም። ካሮቱን እየቆረጠመ ከጉድጓዱ ብቅ ይላል፤ ተዝናንቶ ይቆማል፤ ሊገድለው የመጣውንም ሰው የሰፈር ወዳጁ ይመስል ምን አዲስ ወሬ እንዳለ ይጠይቀዋል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1940 ይህ ትዕይንት በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ሲታይ አዳራሾቹ በሳቅ ተናወጡ። የሚታደን እንስሳ ይሮጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይደበቃል እንጂ አዳኙን ወሬ አይጠይቅም።

ያ ጥንቸል ባግስ በኒ ነው። ከ80 ዓመታት በላይ አልፎም ሕጻናት በቴሌቪዥን ያውቁታል። ጥንቸሉን በዚህ ጠባይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጉድጓዱ ያወጣውን ሰው ግን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ፍሬድሪክ ቢን አቬሪ ይባላል፤ የሙያ ባልደረቦቹ ቴክስ ይሉታል። ባግስ በኒን በሠራ በዓመቱ የፊልም ቤቱን ለቅቆ ወጣ። ጥንቸሉ በዚያው ቀረ፤ ለሌሎች ዳይሬክተሮች ዝናን፣ ለኩባንያው ሀብትን አፈራ።

አቬሪ የተወለደው የካቲት 26 ቀን 1908 በቴክሳስ ግዛት በቴይለር ከተማ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ቴይለር የጥጥ አገር ናት። በዙሪያዋ ሰፊ የጥጥ እርሻ ተዘርግቷል፤ የከተማዋም ኑሮ የሚቃናውና የሚጎድለው ከጥጡ ምርት ጋር ነበር። በእናቱ በኩል የዘር ሐረጉ በምዕራብ ቴክሳስ በግርምቢጥ ፍርዱ እስከዛሬ ወግ ከሚወራለት ከዳኛ ሮይ ቢን ጋር እንደሚገናኝ ቤተሰቡ ይተርክ ነበር። የዘር ሐረጉ ነገር እንዳለ ሆኖ፣ ቴክሳስ ማጋነን እንደ ጥበብ የሚቆጠርባት አገር መሆኗ ግን እውነት ነው። ዓሣው ጀልባውን የሚያህልበት፣ ነፋሱ ቤቱን አንሥቶ ጎረቤት መንደር የሚያስቀምጥበት ወግ በጨዋታ ሰዓት ይወጋል። የልጁ ጆሮ በዚህ ወግ ተሞልቶ አደገ።

ትምህርቱን በዳላስ ከተማ በሰሜን ዳላስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከታትሎ በ1926 አጠናቀቀ። በትምህርት ቤቱ የዓመት መጽሐፍ ላይ ሥዕል ይሥል ነበር። በዚያ ዘመን የዳላስ ወጣቶች ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ዶክተር እያሉ ምን አዲስ ነገር እንዳለ የሚጠያየቁበት የጨዋታ ሰላምታ ነበራቸው። አቬሪ ይህን ሰላምታ በልቡ ይዞ ሄደ፤ ከ14 ዓመታት በኋላ በጥንቸሉ አፍ ላይ አኖረው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው የባግስ በኒ ንግግር ከትምህርት ቤት ግቢ የመጣ የልጆች ቀልድ ነው።

ምኞቱ የጋዜጣ ሠዓሊ መሆን ነበር። በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም አጭር የክረምት ትምህርት ወሰደ፤ ሥዕሎቹን ለጋዜጦች ለመሸጥ ሞከረ፤ የገዛው አልተገኘም። በ1928 መባቻ ወደ ካሊፎርኒያ ተጓዘ። በሎስ አንጀለስ የወደብ መጫኛ ላይ አትክልትና ፍራፍሬ እየጫነ ጥቂት ጊዜ አሳለፈ። ወደ ካርቱን ሥራ የገባውም ሥራው ሕልሙ ስለነበር ሳይሆን እንጀራ ስለሚያስገኝ ነው።

የካርቱን ሥራ በዚያ ዘመን ምን ያህል አድካሚ እንደነበር መናገር ያስፈልጋል። ፊልም በአንድ ሰከንድ 24 ምስሎችን ያሳያል። ሰባት ደቂቃ የሚፈጅ አንድ አጭር ካርቱን ከ10,000 በላይ ምስሎችን ይፈልጋል ማለት ነው። ሠዓሊው በእርሳስ ይሥላል፤ ሌላው ሥዕሉን ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ሉህ ላይ በቀለም ይገለብጣል፤ ሌላው በጀርባው ቀለም ይሞላል፤ ከዚያም ሉሁ ከመልክዓ ምድሩ ሥዕል ላይ እየተነጠፈ አንድ በአንድ በካሜራ ይነሣል። አቬሪ የጀመረው ከዝቅተኛው ደረጃ፣ በቀለም ከመገልበጥ ነው። ከ1930 አካባቢ ጀምሮ በዩኒቨርሳል ኩባንያ ውስጥ በዋልተር ላንትዝ የካርቱን ክፍል ሠርቶ ሠዓሊነትን ተማረ። ሥዕሉ ከባልደረቦቹ ሥዕል እንደማይበልጥ ያውቅ ነበርና ትኩረቱን ወደ ቀልዱ፣ ወደ ታሪኩና ወደ ሰዓት አጠባበቁ አዞረ።

ጉዳቱ የደረሰበት በዚያ ቤት ነው። ሠራተኞቹ ከሥራ ብዛት ሲሰለቹ ወረቀት እያድበለበሉ በላስቲክ ይወነጫጨፉ ነበር። አንድ ቀን ከወረቀቱ ይልቅ ጠንካራ ነገር የመረጠ ሰው ተገኘ፤ የብረት አግራፍ ተወንጭፎ የአቬሪን ግራ ዓይን መታው። የዓይኑ ብርሃን ጠፋ። በዓይኑ ለሚተዳደር ወጣት ከዚህ የከፋ አደጋ የለም። ቅርብና ሩቅን ለይቶ ማየት የሚቻለው በሁለት ዓይን በመሆኑ የኋለኛው ሥራው ልቅነት ከዚህ ጉዳት የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ይህ ለመናገር ቀላል፣ ለማስረዳት ግን ከባድ ነው። የሚታወቀው ነገር ሥራውን አለመተዉ ነው። የቀልድ ጉዳት እውነተኛ ጉዳት ሊሆን እንደሚችል በገላው ያየው ይህ ሰው፣ በፊልሞቹ ውስጥ ግን የሚመታ ሁሉ ተነሥቶ አቧራውን አራግፎ የሚሄድበትን ዓለም ፈጠረ።

በ1935 ለዋርነር ብራዘርስ ካርቱን ወደሚያቀርበው ወደ ሊዮን ሽሌሲንገር ዘንድ ሄዶ ዳይሬክተር ነኝ ብሎ ተቀጠረ። የዳይሬክተርነት ልምዱ በስሙ የተመዘገበ አልነበረም፤ ድፍረቱ ግን ነበረው። ሽሌሲንገር በነባሮቹ ዳይሬክተሮች ሥር ደስተኛ ያልነበሩ ወጣቶችን ሰብስቦ ሰጠው። ከእነርሱ መካከል በኋላ ስማቸው የገነነው ቸክ ጆንስና ቦብ ክላምፔት ነበሩ። የተሰጣቸው ቤት በግቢው ዳር ያለ አሮጌ የእንጨት ቤት ሲሆን ምስጥ እየበላው ነበርና ወጣቶቹ የምስጥ ሰገነት ብለው ሰየሙት። ግድግዳው በምስጥ ከሚፈርሰው ከዚያ ቤት ውስጥ የአሜሪካ ካርቱን መልክ ተለወጠ።

ለውጡን ለመረዳት ዋልት ዲስኒን ማስታወስ ይገባል። በዚያን ዘመን የካርቱን ሁሉ መለኪያ ዲስኒ ነበር። ዲስኒ ሥዕሉ ሥዕል መሆኑ እንዲረሳ ይፈልጋል፤ ውሃው እንደ ውሃ እንዲፈስ፣ አጋዘኑ እንደ አጋዘን እንዲራመድ ሠዓሊዎቹን ያስተምራል። ሌሎቹ ቤቶች ባነሰ ገንዘብ እርሱን ለመምሰል ይደክማሉ። አቬሪ የተገላቢጦሹን አደረገ። ሥዕል ሥዕል ነው፤ ስለዚህ እውነተኛው ዓለም የማይችለውን ሁሉ ይችላል ብሎ ተነሣ። ገጸ ባሕርያቱ ፊልም ውስጥ መሆናቸውን ያውቃሉ፤ ተመልካቹን ያነጋግራሉ። በ1938 በሠራው አንድ ካርቱን ከአዳራሹ ወንበር የተነሣ የሚመስል የሰው ጥላ በሸራው ላይ ይታያል፤ በፊልሙ ውስጥ ያለው አዳኝም ተናድዶ ይተኩስበታል። በ1939 ደግሞ ሌላ የተመልካች ጥላ ተነሥቶ የወንበዴዎቹን ምስጢር ለፖሊሱ ያቃጥራል። ተመልካቹ የጎረቤቱ ራስ ሸራውን የጋረደበት እየመሰለው ተታለለ።

በሚያዝያ 1937 የወጣው የዳክዬ አደን ካርቱን ሌላ ትልቅ እርምጃ ነበር። ፖርኪ የተባለው አሳማ ዳክዬ ሊያድን ይወጣል፤ ዳክዬው ግን እንደ እብድ እየዘለለና እየሳቀ በሐይቁ ላይ ይፈነጥዛል። የዚያን ዝላይ የሣለው ክላምፔት ነው። ተመልካቹ ከሲኒማ ሲወጣ የሚያወራው ስለ አሳማው ሳይሆን ስለ ዳክዬው ሆነ። ዳፊ ዳክ የተባለው ዝነኛ ገጸ ባሕርይ እንዲህ ተወለደ።

የባግስ በኒ አፈጣጠር ግን ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው። በ1938 ቤን ሃርዳዌይ አንድ ቀውስ ጥንቸል በፊልም አሳይቶ ነበር፤ ባግስ የሚለው ስምም ከሃርዳዌይ ቅጽል ስም የመጣ ነው። በመካከል ቸክ ጆንስን ጨምሮ ሌሎችም ሞክረውታል። ድምፁ የሜል ብላንክ ነው። እያንዳንዱ ድርሻ አለው። ይሁን እንጂ ያ የቀድሞው ጥንቸል ሌላ እብድ ዳክዬ ነበር፤ ልዩነቱ ጆሮው ብቻ ነው። እብደቱን አውልቆ እርጋታን ያለበሰው አቬሪ ነው። ጠመንጃ ፊት የማይደነግጥ ሰው ሁሉንም ነገር ያሸነፈ እንደሚመስል ተረዳ። የ1940ው ካርቱን ለኦስካር ሽልማት ታጨ፤ ከዚያ በኋላ ጥንቸሉን የሠሩት ዳይሬክተሮች ሁሉ የተከተሉት ይህንኑ ጠባይ ነው።

አቬሪ ራሱ ባግስ በኒን የሠራባቸው ፊልሞች አራት ብቻ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ መለያያ ሆነ። በፊልሙ መጨረሻ ጥንቸሉና አሳዳጁ ውሻ ከገደል ይወድቃሉ፤ እየጮኹ ለረጅም ጊዜ ይወርዳሉ፤ በመጨረሻ መሬት ሲደርሱ ቀስ ብለው ያርፋሉ። አቬሪ ከዚያ ቀጥሎ እንደገና እንዲወድቁ አድርጎ ነበር። አለቆቹ መጨረሻው እንዲቆረጥ አዘዙ። እርሱ አልስማማም አለ፤ ያለ ደመወዝ ከሥራ ታገደ። ፊልሙ በ1941 የወጣው መጨረሻው ተቆርጦ ነው፤ ዛሬም ሲታይ በድንገት ያልቃል። ለጥቂት ሜትር ፊልም ብሎ እንጀራን መተው ለብዙዎች እልህ ሊመስል ይችላል። ለአቬሪ ግን የቀልዱ ሰዓት ቀልዱ ራሱ ነበር። ደግሞም ቀድሞ ለሽሌሲንገር አቅርቦት ተቀባይነት ያጣ ሌላ ሐሳብ ነበረው፤ በእውነተኛ እንስሳት ፊልም ላይ የሚናገር አፍ በሥዕል መጨመር። ይህንኑ ይዞ ለፓራማውንት ሦስት ያህል አጫጭር ፊልሞች ከሠራ በኋላ ወደ ኤምጂኤም ተሻገረ።

የዋርነር ዘመኑ ሳይጠቀስ ሊታለፍ የማይገባው ሌላ ገጽ አለው። በ1938 በአንዲት የፈጠራ ደሴት ነዋሪዎች ላይ የሠራው ቀልድ፣ ከአራቱ የባግስ በኒ ፊልሞች የመጨረሻውም ጭምር ጥቁር ሕዝብን በተዋረደ መልክ ይሥላሉ፤ ከንፈሩን አግዝፈው፣ አእምሮውን አሳንሰው። የዘመኑ የአሜሪካ ካርቱን በሙሉ በዚህ ነውር የተሞላ ነበር፤ ይህ ግን የሣለውን እጅ አያነጻም። በ1968 የፊልሞቹ ባለመብት ከቴሌቪዥን ሥርጭት ካስወጣቸው 11 የዋርነር ካርቱኖች መካከል የአቬሪ ሥራዎች ይገኙበታል። የተፈጥሮን ሕግ ሁሉ ለመጣስ የደፈረው ሰው የዘመኑን ንቀት ለመጣስ አልደፈረም።

ኤምጂኤም ሀብታም ቤት ነው። በዚያው ሕንፃ ውስጥ ዊልያም ሃናና ጆሴፍ ባርቤራ ቶምና ጄሪን ይሠሩ ነበር። አቬሪ በ1942 ባወጣው የመጀመሪያ ሥራው የሦስቱን አሳሞች ተረት ወስዶ ተኩላውን ሂትለር አደረገው፤ ፊልሙ ለኦስካር ታጨ። በ1943 ደግሞ የታወቀውን የቀይ ቆቧን ልጅ ተረት ገለበጠው። ልጅቷ የምሽት ክበብ ዘፋኝ፣ ተኩላው ባለጸጋ ደንበኛ ሆኑ። ተኩላው ሲያያት ዓይኖቹ ከጉድጓዳቸው ተወርውረው ይወጣሉ፤ አካሉ በአየር ላይ እንደ በትር ይደርቃል። የሳንሱር ሰዎች ተጨነቁበት፤ በጦርነት ላይ የነበሩት ወታደሮች ግን ደጋግመው አዩት። በዚያው ዓመት የዚህ ሁሉ ግለት ተቃራኒ የሆነ ገጸ ባሕርይ አመጣ። ድሩፒ ትንሽ፣ ፊቱ የወረደ፣ ድምፁ የደከመ ውሻ ነው። ወንጀለኛው በባቡር፣ በመርከብ፣ በአውሮፕላን ሸሽቶ በሩን ሲከፍት ድሩፒ ቀድሞት ቆሟል።

ከሥራዎቹ ሁሉ አንድ ብቻ መምረጥ ግድ ቢሆን በ1947 የወጣው የግዙፏ ወፍ ታሪክ ይመረጣል። የተራበ የጎዳና ድመት አንድ ቤት ሰብሮ ይገባል። አይጥ ያገኛል፤ አይጡ ግን ይህን ፊልም ቀድሞ እንዳየውና ኋላ የድመቱን ሕይወት የሚያድነው እርሱ ስለሆነ እንዳይበላው ይነግረዋል፤ በሌላ ክፍል ውስጥ ወፍ እንዳለችም ይጠቁመዋል። ወፏ ጣት አትሞላም። ድመቱ ሲያማትር የአትክልት ማሳደጊያ ማዳበሪያ የያዘ ጠርሙስ ያገኝና ለወፏ ያጠጣታል። ወፏ አደገች፤ ከድመቱም በለጠች። አሁን የሚሸሸው ድመቱ ሆነ። ድመቱ ራሱ ይጠጣል፤ ጠርሙሱ በመስኮት ሲወረወር ውሻው ይጠጣል፤ ከውሻው ሲሸሹ አይጡ ይጠጣል። የጠጣ ሁሉ ከፊተኛው ይበልጣል፣ ያሳድዳል፣ ደግሞ ሌላ ይበልጠዋል። በመጨረሻ ድመቱና አይጡ ከተራሮች በላይ አድገው ዓለም ራሷ እንደ ኳስ ከእግራቸው ሥር ትቀራለች፤ ማዳበሪያውም ያልቃል። ማዳበሪያው ስላለቀ ፊልሙም ማለቁን አይጡ ያስታውቃል። ሁለቱ ተቃቅፈው እጃቸውን እያወዛወዙ ይሰናበታሉ። የሰባት ደቂቃ ያህል ቀልድ ነው። የጦር መሣሪያ እሽቅድምድም በተጀመረበት በዚያ ዘመን ብዙዎች ሌላ ትርጉም አዩበት፤ አቬሪ ግን ከማሳቅ ሌላ ዓላማ እንዳለው ተናግሮ አያውቅም።

በ1949 የሠራው የጥቁሩ ድመት ታሪክም ከዚህ አያንስም። ጥቁር ድመት መንገድ ካቋረጠ ጨካኙ ውሻ ራስ ላይ ከሰማይ ዕቃ ይወርዳል፤ በአበባ ማሰሮ የተጀመረው ነገር በመርከብ ይፈጸማል። መርከቡ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ተመልካች የለም፤ አቬሪ ከማሰሮው ጀምሮ ደረጃ በደረጃ አስለምዶታልና።

ይህ ሁሉ ሳቅ ሠሪውን አልሳቀለትም። አቬሪ ዝምተኛና ዓይን አፋር ሰው ነበር። ሥራውን ለሌላ ማካፈል አያውቅበትም። ቀልዱን ያስባል፣ አቋቋሙን ይሥላል፣ የሠዓሊዎቹን ሥዕል ያርማል፣ ሰዓቱን በምስል ቁጥር ይለካል፤ ፊልሙ ካለቀ በኋላ እንኳ መቀስ ይዞ ሁለትና ሦስት ምስል ይቆርጣል። አንድ ሰከንድ 24 ምስል በሆነበት ዓለም ሁለት ምስል ምንም ይመስላል፤ እርሱ ግን ሳቁ በዚያ ልክ እንደሚሞትና እንደሚድን ያምን ነበር። ዘወትር የሚያስጨንቀው ቀልዱ እያለቀበት መሆኑ ነበር። በ1950 ድካሙ ጸናበትና ሥራውን ትቶ ለአንድ ዓመት ያህል አረፈ። ተመልሶ መጥቶ ጥቂት ሠራ፤ በ1953 ኤምጂኤም የእርሱን ክፍል ዘጋው። በዚያው ሕንፃ ቶምና ጄሪ ሰባት ኦስካር ሲያገኙ የአቬሪ ፊልሞች ታጭተው ቀሩ። ሽልማቱም ቢመጣ በዘመኑ ሥርዓት የሚቀበለው ዳይሬክተሩ ሳይሆን ፕሮዲውሰሩ ነበር።

ወደ ቀድሞው ቀጣሪው ወደ ላንትዝ ተመለሰ። ቺሊ ዊሊ የተባለውን የሚበርደው ትንሽ ፔንግዊን ሞቅ ያለ ሕይወት ሰጠው፤ አራት ፊልም ሠርቶ በክፍያ ባለመስማማት ወጣ። ከዚያ በኋላ ለሲኒማ አልሠራም። በሃምሳዎቹና በስድሳዎቹ ኑሮው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሆነ። የተባይ ማጥፊያ ማስታወቂያው ዝነኛ ነው፤ ተባዮቹ መርጩን ሲያዩ ስሙን ጠርተው ይጮኻሉ፣ ይፈነዳሉ። የሙያው ትንሣኤ በዚህ ማስታወቂያ ውስጥ ለአፍታ ይታያል። ለበቆሎ ቅጫ የሠራው ወንበዴ ሜክሲኳዊ ግን የሜክሲኮ ተወላጆችን አስቆጣ፤ የቀድሞው ስሕተት በሌላ ሕዝብ ላይ ተደገመ።

ከማስታወቂያዎቹ መካከል የአንድ የፍራፍሬ ጣዕም መጠጥ ማስታወቂያ ነበር። መጠጡን የሚያስተዋውቀው ባግስ በኒ ነው። ኩባንያው የጥንቸሉን መብት ከባለቤቱ ተከራየ፤ ሥዕሉንም እንዲመራ አቬሪን ቀጠረ። በ1940 ከጉድጓዱ ያወጣውን ጥንቸል ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በቀን ሠራተኛ መልክ መልሶ ያዘው። በጥንቸሉ ላይ ምንም የገንዘብ መብት አልነበረውም፤ የዘመኑ ዳይሬክተሮች ሁሉ ደመወዝተኞች ነበሩና የፈጠሩት ሁሉ የቀጣሪው ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ከባድ ነበሩ። በ1972 ወንድ ልጁ በአደንዛዥ ዕፅ ሳቢያ ሞተ፤ ትዳሩም ፈረሰ። ከሰው እየራቀ ሄደ። ሥራው ግን በሌላ ቦታ እየተፈለገ ነበር። የፈረንሳይ የፊልም ወዳጆች እንደ ታላቅ ጥበበኛ ቆጠሩት፤ በ1974 የሙያ ማኅበሩ ስለ ዕድሜ ልክ አገልግሎቱ ሸለመው፤ በ1975 ስለ እርሱ መጽሐፍ ታተመ።

በሰባዎቹ መጨረሻ ከቶምና ጄሪ ሠሪዎች፣ ከቀድሞ የሕንፃ ጎረቤቶቹ ከሃናና ባርቤራ ኩባንያ ሥራ ቀረበለት። በዚያ ለቴሌቪዥን ቀልድ ይጽፍ ጀመር። ንግግሩ የተጎተተ፣ እንቅስቃሴው ግን ዓይን የማይደርስበት ኮዋላ የተባለ የአውስትራሊያ እንስሳ ገጸ ባሕርይ አሰበ። ለድሩፒ የቅርብ ዘመድ ነው። ያን እየሠራ ሳለ በሳንባ ካንሰር ታመመ፤ ነሐሴ 26 ቀን 1980 በበርባንክ ከተማ በ72 ዓመቱ ዐረፈ። ኮዋላው በቴሌቪዥን የታየው በቀጣዩ ዓመት በ1981 ነው። ያንንም ሌሎች ጨረሱት።